«እሷማ ልትሄድ ነው»

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ የምሠራበት ቤት መጣች። ከጅማ መርካቶ ወረድ ብሎ ያለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሲቪ እንጽፋለን፣ ዲቪ እንሞላለን፣ የፓስፖርት ቀጠሮ እናስይዛለን። ልጅቷ የጋብቻ ሰርተፍኬት ኮፒ አስደርጋ ከፈለች፤ ግን አልወጣችም። ሰዉ እስኪቀንስ ጠብቃ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለችና «እህቴ፣ ባሌ አሜሪካ ነው፣ ፕሮሰስ ላይ ነን፣ ብፈታው ኬዙ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ስለራሴ ምንም ነግሬያት አላውቅም። ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰምታ ይሆናል። ወረፋ ስለነበረ በወጉ ሳላናግራት ሄደች። ስልኳን እንኳ አልተቀበልኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ለሷ ልነግራት የነበረውን እዚህ ልጻፈው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኬዙ ያበቃል። ቪዛ አግኝተሽ አሜሪካ ከመግባትሽ በፊት ጋብቻው በሕግ ከፈረሰ፣ ባልሽ ያስገባልሽ ማመልከቻ ቢጸድቅም እንኳ በራሱ ይሻራል። ማንም «ይሻር» ብሎ እስኪጽፍ አይጠበቅም። የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። ይህን ሳታውቂ ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ። አውቀሽው ግን ፈርተሽ እንዳትቀሪ ደግሞ የኔን ስሚኝ።

የተጋባነው ጥር 2012 ነው። እሱ በዲቪ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፣ የሚኖረው ዴንቨር ነው። ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ቤተሰብ ጠርተን፣ አንድ ወር አብረን ኖረን ተመለሰ። ወዲያው ኮሮና መጣ። ልጃችን ኅዳር 2013 ተወለደች። አባቷ በኢሞ አያት፣ በአካል ያያት በ2014 ለሦስት ሳምንት ሲመጣ ነው። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ማመልከቻውን፣ ያንን አይ-130 የሚሉትን ቅጽ፣ ያስገባው ግንቦት 2013 ነው። ያኔ ክፍያው 535 ዶላር ነበር። ዜግነት ስላልወሰደ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ስለነበረው፣ እኔና ልጄ የገባነው ኤፍ ቱ ኤ በሚባለው ምድብ ነው። ለዜጋ ሚስት የቪዛ ኮታ የለባትም፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን አለባት። ኮታ ካለ ወረፋ አለ። ወረፋው በየወሩ በሚወጣ ሰንጠረዥ ላይ ይታያል፣ ማመልከቻሽ የገባበት ቀን ሰንጠረዡ ላይ ካለው ቀን ከቀደመ ተራሽ ደርሷል ማለት ነው። እኛ ስናስገባ ወረፋው ክፍት ነበር። ጸደቀልን፣ ፋይሉ ናሽናል ቪዛ ሴንተር፣ የቪዛ ወረቀት የሚያሰባስበው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ገባ፣ ለእኔ 325፣ ለልጄ 325፣ ለስፖንሰሩ ወረቀት 120 ዶላር ተከፈለ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፖሊስ ወረቀቱን ሁሉ ስካን አድርጌ የጫንኩት እኔው ነኝ፣ ሥራዬ ነው። ኢንተርቪው ስንጠብቅ በፈረንጆቹ አፕሪል 2023 ወረፋው ወደኋላ ተመለሰ። ከሴፕቴምበር 8፣ 2020 በኋላ ያስገባ ሁሉ እንዲጠብቅ ሆነ። የኛ ሜይ 2021 ነው። ቆምን።

ስለዚያ መጠበቅ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ጅማ ውስጥ ስሜ «እሷማ ልትሄድ ነው» ሆነ። እቁብ ሲጀመር «አንቺማ ልትሄጂ ነው» ተብዬ ተዘለልኩ። የሥራ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍቱ በኃላፊነት የወሰዱት ከኔ በኋላ የተቀጠረውን ልጅ ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ «ነገ ጥለሽኝ ብትሄጂስ?» አሉኝ። እኔም ራሴ አምኜው ነበር። አልጋ አልገዛሁም። ልሄድ አይደል? ከልጄ ጋር ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን ተኛን፣ ስድስት ወር ነው ብዬ የጀመርኩት ሦስት ዓመት አለፈው። የጅማን ዝናብ የምታውቂ ታውቂዋለሽ፣ ክረምት ላይ የፍራሹ ሥር ይሻግታል። በየእሑዱ ግድግዳ ላይ አቁሜ፣ ሆዱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ፀሐይ ከወጣች በር ላይ አውጥቼ አናፍሰዋለሁ። ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን አይለቅም። ልጄ በጣቷ እየነካች ትቆጥረው ነበር።

ሌላው ማስረጃ የሚሉት ነገር ነው። ኢንተርቪው ላይ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ማሳየት አለብሽ። ፎቶ፣ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ የስልክ ልውውጥ። ልክ ነው፣ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፣ በውሸት የሚጋባ ሰው ስላለ ነው። እኛ ግን የተጋባነው ከልባችን ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ሰዓት እናወራና ስክሪንሾት ማንሳት እንረሳለን። በኋላ በኋላ ሲደውል የመጀመሪያ ቃሉ «ስክሪንሾት እንዳትረሺ» ሆነ። ቪዲዮ ይከፍታል፣ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ልጄን አቀርባታለሁ፣ አነሳለሁ፣ «በቃ፣ ሥራ ልገባ ነው» ይላል። አራት ደቂቃ። ሰማያዊ ክላሰር አለኝ፣ በየወሩ እያተምኩ የማስገባበት። አንድ ማታ ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለጥኩት። በ2013ቱ ገጽ ላይ እሱ ከካሜራው ውጭ የሆነ ነገር እያየ ይስቃል፣ እኔ ፀጉሬ ተንጨባሯል። በ2015ቱ ሁለታችንም ካሜራውን ቀጥ ብለን እያየን ነው፣ ልክ ለፓስፖርት እንደሚነሳ ሰው። ማስረጃው እየወፈረ በሄደ ቁጥር ትዳሩ እየሳሳ እንደሄደ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያ ልጄ ሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል ገባች። ሦስት ቀን ተኛን። ሁለተኛው ቀን ደወለ። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደርጎላታል። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አላት፣ እውነት ከልቡ ነው ያለው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ትንሽ ዝም አለና ደግሞ «የዚህን ወር አልላክሽልኝም» አለኝ። ስክሪንሾቱን ማለቱ ነው። ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ሁለት ሥራ ይሠራል፣ አንዱ የሌሊት ነው፣ ደክሞታል። እሱም እንደኔ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር። ግን ስልኩን ዘግቼ የልጄን እግር ይዤ ስቀመጥ፣ ከዚህ ሰው ጋር ያለኝ ነገር ፕሮሰሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ስንጣላ ደግሞ «አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ያልቃል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያስገባው ሰው አሜሪካ እስክትገቢ ድረስ በፈለገ ሰዓት ማንሳት ይችላል። እንደዚህ እየተባለ የሚኖር ትዳር ግን ምን ዓይነት ትዳር ነው?

ልፈታ ነው ስል እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ዋጥ አድርጊው፣ እዚያ ስትደርሺ የምታደርጊውን ታደርጊያለሽ» አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው ያለኝ። እናቴ ክፉ አስባ አይደለም፣ የልጅ ልጇን አስባ ነው። ግን እማዬ፣ ሚስቱ ሳልሆን ሚስቱ ነኝ ብዬ ቆንስሉ ፊት እጄን አንስቼ እንድምል ነው የምትጠይቂኝ አልኳት። እንደዚህ ሳስበው ሆዴ እምቢ አለኝ። አማቴ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው ቡና አፈላሁላቸው፣ ሦስተኛው ስኒ እስኪያልቅ ስለ ፍቺው አንድ ቃል አላነሱም። ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ያንቺን አላውቅም፣ ልጄን ግን አላሳደግሁትም እንዳትይኝ» አሉና አለቀሱ። እስከዛሬ ድረስ በዓል ሲመጣ ልጄን ይዤላቸው እሄዳለሁ።

አንድ ሰው አለ፣ «ፕሮሰስ አዋቂ» የሚባል፣ ስሙን አልጠራም። «ፍቺውን እዚህ ጸጥ አድርገሽ ጨርሺ፣ ኢንተርቪውሽን ግቢ፣ የጅማን ፍርድ ቤት መዝገብ ማን ያየዋል?» አለኝ። እባክሽ እንደዚህ የሚልሽን አትስሚ። የፈረሰ ጋብቻን ደብቀሽ ቪዛ ብትወስጂ ማጭበርበር ነው። በሐሰት ቪዛ መጠየቅ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክልሽ ይችላል፣ ገብተሽ ዓመታት ከኖርሽ በኋላም ቢሆን ሊያስባርርሽ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «ከፈታሽ አሜሪካ ለዘላለም ይዘጋብሻል» የሚሉም አሉ። ይህም ውሸት ነው። ከልብ የተመሠረተ ትዳር በመፍረሱ ማንም አይከለከልም። የሚከለከለው ለወረቀት ብሎ የተጋባ ነው። እንዲያውም የፍቺ ወረቀት ሳትይዢ ዝም ብለሽ ተለያይተሽ መኖሩ ነው ጣጣው። እኔ በየዓመቱ የስንቱን ዲቪ ስሞላ አያለሁ፣ «ተለያይተናል» እያሉ ያላገባ በሚለው ላይ ምልክት አድርጊልኝ የሚሉኝ አሉ። በሕግ ካልተፋታሽ ያገባሽ ብለሽ መሙላት አለብሽ፣ ካልሞላሽ ቢደርስሽም ልትወድቂ ትችያለሽ።

ፍርድ ቤት የሄድኩት ጥቅምት 2016 ነው። ጅማ የምንዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995። የአዲስ አበባና የድሬዳዋው ሌላ ነው፣ 213/1992፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛሽ የነገረችሽን ሁሉ እንዳለ አትውሰጂ። ማመልከቻው የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ቋንቋውን ሰፈር ውስጥ ነው የተማርኩት፣ ገበያ ላይ ማንም አይበልጠኝም፣ የሕግ ቃሉ ግን ሌላ ስለሆነ ጠበቃ ያዝኩ። እሱ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ስላልቀየረ ጉዳዩ እዚሁ ታየ። ያንቺ ባል የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ጠበቃ ጠይቂ፣ የውጭ ዜጋ ያለበት ክርክር በፌዴራል ሥልጣን ውስጥ ስለሚወድቅ የሚቀርብበት ቦታ ይለያል።

ከሁሉም የከበደኝ መጥሪያው ነው። ሰውየው ዴንቨር፣ መጥሪያው ጅማ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የችሎቱ አስጠሪ በር ላይ ወጥቶ የባሌን ሙሉ ስም ከነአያቱ ጮክ ብሎ ጠራ። ማንም አልመለሰም። ደግሞ ጠራ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ያያል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ፣ ያ ስም የሠርግ ካርዳችን ላይ በወርቃማ ቀለም የታተመው ስም ነው። ሦስተኛ ሲጠራ እንባዬ መጣ። ጠበቃዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

በስልክ ለመንኩት። ሁለታችን ብንስማማ በስምምነት ፍቺ ብለን ባጭሩ እንጨርሰው ነበር፤ አልፈለገም። «1,300 ዶላር ከፍዬ» አለ። በኋላ ላይ ተረጋጋና ለታላቅ ወንድሙ ውክልና ላከ። ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተመትቶበት፣ በወንድሙ እጅ ቀረበ። ውክልናው ግን ስለ ቤትና ስለ መኪና እንጂ ስለ ፍቺ አንድ ቃል የለውም! ተመለሰ። እንደገና እስኪመጣ ሁለት ወር ሄደ። ከዚህ ሁሉ የምትይዢው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ውክልናው ላይ የፍቺ ክርክር፣ የልጅ አስተዳደግ፣ ንብረት ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ፍርድ ቤቱ ሽማግሌ መርጣችሁ ተነጋገሩ አለን፣ የማሰቢያ ጊዜም ሰጠን። ሽማግሌዎቹ ዴንቨር ደውለው በድምፅ ማጉያ አናገሩት። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ መጥተህ ትኖራለህ ወይ?» አሉት። «አልችልም» አለ። «እሷ መጥታ ብትኖር ደስ ይልሃል ወይ?» ሲሉት ዝም አለ። ዝም ማለቱን ሁላችንም ሰማን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹም ብዙ አልገፉበትም። ዳኛዋም ምክንያቴን ዘርዝሬ ገበናዬን እንድገልጥ አላስገደዱኝም።

ውሳኔው ሚያዝያ 2016 ወጣ። ልጄ ከኔ ጋር እንድትኖር፣ አባቷ በየወሩ ቀለብ እንዲልክ ተወሰነ። የሚካፈል ንብረት ብዙም አልነበረንም። በጋብቻ ዘመን የሠራው ደመወዝ በሕጉ የጋራ ነው፣ ዴንቨር ያለውን ግን ከጅማ ሆኜ ላስቆጥር አልሞከርኩም። አንቺ ከፈለግሽ መብትሽ ነው።

ግልባጩን ስቀበል ከላይ «ሙርቲ» ይላል፣ ውሳኔ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አስተረጎምኩት፣ ወሳኝ ኩነት ሄጄ ፍቺውን አስመዘገብኩ። በዚያው ሳምንት ለቪዛ ሴንተሩ በድረ ገጹ የጥያቄ ቅጽ ላይ የኬዝ ቁጥሬን አስገብቼ «ጋብቻችን በፍርድ ቤት ፈርሷል» ብዬ ጻፍኩ፣ ትርጉሙን አያያዝኩ። የሱ ሥራ ነው ብዬ መተው እችል ነበር። ግን ወደፊት ለማንኛውም ቪዛ ባመለክት «ማመልከቻ ገብቶልሽ ያውቃል ወይ?» ተብዬ መጠየቄ አይቀርም፣ ያኔ ታሪኬ በሙሉ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲገኝ ፈለግሁ። ላክ የሚለውን ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚቀጥለውን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። ብዙም ሳይቆይ ወረፋው ወደፊት ሄደና የኛን ቀን አለፈው። ብጠብቅ ኖሮ ተራዬ ደርሶ ነበር። ሰንጠረዡን ያየሁት ሥራ ላይ ነው፣ ለደንበኛ ስከፍትለት። ደንበኛውን ሸኝቼ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ጎረቤት ሁሉ «ትንሽ ብትታገሺ» አለኝ። ያለቀስኩት ፈትቼ ስለተጸጸትኩ አይደለም፤ አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በአጠገቤ ሲያልፍ ስላየሁት ነው። ያን ቅዳሜ አልጋ ገዛሁ። ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ነው፣ በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት፣ ልጄ ላዩ ላይ ወጥታ ስትዘል ዋለች።

አንዳንዴ የሚያስጨንቀኝ የልጄ ነገር ነው። እሷ በኔ ፋይል ላይ ተደርባ ስለነበር የኔ ሲወድቅ የሷም ወደቀ። ይህን ብዙ እናቶች አያውቁትም፣ «የልጄን ዕድል ገደልኩ» ብለው ይሰቃያሉ። ባልና ሚስት ቢፋቱም አባትና ልጅ አይፋቱም። አባቷ ለሷ ብቻ አዲስ አይ-130 ማስገባት ይችላል፣ ግን ከዜሮ ነው፣ ክፍያው እንደ አዲስ፣ ወረፋው እንደ አዲስ። እሱም ዘንድሮ አስገባላት። ሳይነግረኝ አይደለም፤ ደውሎ ጠየቀኝ፣ ስለሷ ግማሽ ሰዓት አወራን፣ ምን እንደምትወድ፣ ማታ ለምን እንደምትባንን። እንደዚያ ካወራን ስንት ጊዜያችን።

የሷ ተራ ሲደርስ ልልካት እችል እንደሆነ አላውቅም። አባቷ ያለበት አገር ነው፣ መብቷም ነው። እኔ ግን እዚህ ነኝ። አንዳንድ ሌሊት እሷ ተኝታ እኔ ይህን ሳሰላስል ይነጋል። ለጊዜው መስከረም ላይ ትምህርት ስለሚጀመር ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ የሆነ ኬጂ አስመዝግቤያታለሁ። መዝጋቢዋ ታውቀኛለች፣ «እናንተ ልትሄዱ አልነበር?» አለችኝ። «አይ፣ እዚሁ ነን» አልኳትና የዓመቱን መመዝገቢያ ከፈልኩ።

ልጅት፣ ይህን ካነበብሽ ተመልሰሽ ነይ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሰው የለም።